የጄኔሬተር ጭስ ውስጥ ምን አለ? የማይታየውን ጨምሮ

መብራት ሄዶ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ላይ የየባንኩና የየሆቴሉ ጄኔሬተር አንድ ላይ ሲነሳ የማይቀር ክርክር አለ። አንዱ ጥቁሩን ጭስ እያየ አቦ ጨረሱን እኮ ይላል፣ ሌላው ደሞ የኛ አዲስ ነው ጭስ የለውም ብሎ ይኮራል። ሁለቱም የሚያወሩት ዓይናቸው ስላየው ጭስ ነው። ከትልልቅ የናፍጣ ሞተሮች የሚወጣው ቅንጣት ግን አንድ በአንድ ለዓይን የማይታይ ነው፣ ተሰብስቦ ሲጠቁር ብቻ ነው የምናየው፣ ስለዚህ ጭስ አይታይም ማለት ንጹህ ነው ማለት አደለም፣ ጥቁር ጭስ ብቅ ስላለ ደሞ ሁሌ ሞተሩ ሞቷል ማለት አደለም። ከታች ያለው ይሄን ለማፍታታት ነው፣ ማን መብራት አጠፋ የሚለው ውስጥ አልገባም፣ ወሬው ስለ ሞተሩ ነው።

ግድቡ አልቆ ጄኔሬተር ምን ይሠራል?

ተገቢ ጥያቄ ነው። የአገራችን ኤሌክትሪክ ከ90 በመቶ በላይ ከውሃ የሚመጣ ነው፣ ሕዳሴም 5,150 ሜጋ ዋት ይዞ ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ተመርቋል። ግን ግድቡ ላይ ያለው ኃይልና ሳቢያን ያለ ቤት የሚገባው ኃይል መሀል ረጅም መንገድ አለ፣ ማስተላለፊያ መስመር አለ፣ ሰብስቴሽን አለ፣ ትራንስፎርመር አለ፣ ንፋስ የሚጥለው ምሰሶ አለ፣ ከነዚህ አንዱ ሲበላሽ የግድቡ መሙላት ለሰፈሩ ምንም አይፈይድም። ሆስፒታል ደሞ እስኪጠገን ጠብቅ አይባልም፣ የቴሌ ታወርም እንደዛው። ውሃው ራሱ የሚያንስበት ጊዜም አለ፣ ግንቦት 2011 ላይ የግልገል ጊቤ 3 ውሃ ቀንሶ በአገር ደረጃ ፈረቃ መጥቶ እንደነበር፣ ለጅቡቲና ለሱዳን የሚሸጠውም ተቋርጦ እንደነበር ብዙ ሰው ያስታውሳል።

ድሬ ከዚህ ነገር ሩቅ አደለችም። ከአዋሽ 7 ኪሎውና ከቃሊቲው ጋር አብሮ የሚጠራ፣ ከዋናው መስመር የተገናኘ የዲዝል ማመንጫ ጣቢያ የተተከለባት ከተማ ናት። ጎረቤታችን ጅቡቲ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2011 ከድሬ የሚነሳው መስመር ኃይል እስኪያደርስላት ድረስ መብራቷ በሙሉ ማለት ይቻላል ነዳጅ ከሚያቃጥሉ ትልልቅ ሞተሮች ነበር። ስለዚህ ሞተር ኤሌክትሪክ ሲያመነጭ አየሩ ላይ ምን ይጨምራል የሚለው የሩቅ አገር ወሬ አደለም።

ሞተሩ ለምን ጥላሸት ይሠራል?

የቤንዚን ሞተር ነዳጁንና አየሩን ቀድሞ አደባልቆ በካንዴላ ይለኩሰዋል። የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም። አየሩን ብቻውን ስቦ ይጨምቀዋል፣ አየር ሲጨመቅ ይግላል፣ ናፍጣ ሲነካው በራሱ እስኪነድ ድረስ ይግላል፣ ከዛ ኢንጀክተሩ ናፍጣውን በከፍተኛ ግፊት አድቅቆ ይረጭበታል። መደባለቁም መንደዱም እዛው በዛው ነው። ጊዜው ደሞ የለም፣ የኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ ብዙዎቹ ጄኔሬተሮች በደቂቃ 1,500 ዙር ነው የሚዞሩት፣ በዚህ ፍጥነት ፒስተኑ ከላይ ወደ ታች ለመውረድ የሚፈጅበት የሰከንድ አንድ ሃምሳኛ ነው። በዚች ቅጽበት ውስጥ እያንዳንዱ የናፍጣ ጠብታ አየር ማግኘት አለበት።

ኩራዝ የሚያውቅ ሰው ይሄን ለመረዳት አይቸገርም። ክሩ ሲረዝም ነበልባሉ ቢጫ ሆኖ ይረዝምና ጣሪያው ይጠቁራል አይደል፣ ምክንያቱ ነበልባሉ መሀል ላይ ላምባው በዝቶ አየሩ ስለማይደርሰው ነው። አየር ያጣው ነዳጅ በሙቀቱ ይሰባበራል፣ ውስጡ ያለው ካርቦን ብቻውን ቀርቶ እርስ በርሱ ይጣበቃል፣ ጥላሸት የምንለው እሱ ነው። ቢጫው ብርሃን ራሱ የጋለ ጥላሸት ነው። ወደ ነበልባሉ ጠርዝ ሲደርስ አየር ካገኘ ይቃጠላል፣ ካላገኘ ጣሪያ ላይ ይለጠፋል። ሞተር ውስጥ ያለውም ነበልባል የዚሁ ዓይነት ነው፣ ከሚፈጠረው ጥላሸት አብዛኛው እዛው ውስጥ ተመልሶ ይቃጠላል፣ ሳይቃጠል ያመለጠው ነው በማርሚታው በኩል የሚወጣው። ስለዚህ ጥላሸት ጭራሽ የማይፈጥር የናፍጣ ሞተር የለም፣ ልዩነቱ ምን ያህሉን መልሶ አቃጠለ ነው።

ቅንጣት ሲባል ጥላሸት ብቻ ነው?

አደለም፣ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ቅንጣት ቢያንስ አራት ነገር የተደባለቀበት ነው። አንዱ ጥቁሩ ካርቦን ነው። ሁለተኛው ያልተቃጠለ ናፍጣና የሞተር ዘይት ነው፣ ይሄ ሞተሩ ውስጥ ትነት ሆኖ ነው ያለው፣ ውጭ ወጥቶ ሲቀዘቅዝ ነው ወደ ጠብታ ተቀይሮ ጥላሸቱ ላይ የሚለጠፈው፣ ሽታውም ቅባቱም ከሱ ነው። ሦስተኛው ከነዳጁ ድኝ የሚመጣው ነው፣ ድኙ ሲቃጠል ከፊሉ ከውሃ ትነት ጋር ተገናኝቶ ደቃቅ የአሲድ ጠብታ ይሆናል፣ ቀለም የለውም። አራተኛው አመድ ነው፣ ዘይቱ ውስጥ ከሚጨመሩት እንደ ካልሲየምና ዚንክ ካሉ ነገሮችና ከሞተሩ መፈጋፈግ የሚመጣ፣ ይሄ በጭራሽ አይቃጠልም።

እዚህ ላይ የነዳጁ ዓይነት ትልቅ ለውጥ ያመጣል። የነዳጅ ዋጋ ማስታወቂያ ሲወጣ ነጭ ናፍጣ፣ ቀላል ጥቁር ናፍጣ፣ ከባድ ጥቁር ናፍጣ እየተባለ ይዘረዘራል፣ መኪና የሚቀዳው ነጩን ነው። ከባድ ጥቁር ናፍጣ የድፍድፉ ዝቃጭ ነው፣ ካልሞቀ በቧንቧ እንኳ አይፈስም፣ ትልልቅ መርከቦችና አንዳንድ ትልልቅ ማመንጫዎች ርካሽ ስለሆነ ያቃጥሉታል። ድኙ ብዙ ነው፣ ቫናዲየምና ኒኬል የሚባሉ ብረቶችም አሉበት፣ ስለዚህ በደንብ ተቃጥሎ ጭሱ ባይጠቁር እንኳ የአመዱና የአሲዱ ቅንጣት ከነጩ ጋር አይወዳደርም። መርከቦች የሚያቃጥሉት ነዳጅ ድኙ እስከ 3.5 በመቶ ይፈቀድለት ነበር፣ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጀመሪያ ጀምሮ ነው በዓለም ደረጃ ወደ 0.5 በመቶ የወረደው።

መጠናቸውስ? አንድ ሚሊ ሜትርን ለ1,000 ስትከፍሉት ማይክሮ ሜትር ይባላል። ዜና ላይ የምትሰሙት ፒኤም 2.5 ማለት ስፋታቸው ከ2.5 ማይክሮ ሜትር የማይበልጥ ቅንጣቶች በሙሉ ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር ቅንጣት ከዛም በጣም ያንሳል፣ አብዛኛው ወደ 0.1 ማይክሮ ሜትር አካባቢና ከዛ በታች ነው። የድሬ አሸዋና አቧራ በአመዛኙ ትልልቁ ነው፣ አፍንጫና ጉሮሮ ላይ ይቀራል፣ እናስነጥሰዋለን። የሞተሩ ግን አልፎ የሳንባ መጨረሻ ላይ ያሉት ከረጢቶች ጋ ይደርሳል፣ በጣም ደቃቁ ወደ ደም ጭምር ሊያልፍ ይችላል።

የጭሱ ቀለም ምን ይናገራል?

መካኒኮች በቀለሙ ነው የሚመረምሩት፣ ልክም ናቸው። ጥቁር ከሆነ ናፍጣው ለአየሩ በዝቷል፣ የአየር ፊልትሮ ተደፍኖ ሊሆን ይችላል፣ ኢንጀክተሩ መርጨት ትቶ እያንጠባጠበ ሊሆን ይችላል፣ አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋው ቱርቦ ደክሞ ሊሆን ይችላል፣ ወይ ጄኔሬተሩ ከአቅሙ በላይ ተጭኖበታል። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየበላ ነው፣ የፒስተን ቀለበቱ ወይ የቫልቩ ጎማ አልቋል። ነጭ ከሆነና ሞተሩ ከሞቀ በኋላም ካልጠፋ ናፍጣው ሳይነድ እየወጣ ነው ወይ የራዲያተር ውሃ እየገባ ነው።

አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ስታርት ሲደረግ ወይ ድንገት ትልቅ ሎድ ሲገባበት፣ በለው የውሃ ፓምፕ ወይ ሊፍት ሲነሳ፣ ለጥቂት ሰከንድ ቦፍ ብሎ የሚወጣው ጥቁር ጭስ በደህና ሞተርም ላይ አለ። ናፍጣው ወዲያው ይጨመራል፣ አየር የሚገፋው ቱርቦ ግን ፍጥነት እስኪያነሳ ይዘገያል፣ እዛች መሀል ላይ አየር ያንሳል። እሷ ከጠፋች ሞተሩ ጤነኛ ነው። ቆሞ እየሠራ በእኩል ሎድ ላይ የሚያጨስ ከሆነ ነው መካኒክ የሚጠራው።

የሚበክለው ትልቁ ነው ትንሹ?

ሰው ሁሉ ወደ ትልቁ ነው የሚጠቁመው፣ ድምፁም ግዝፈቱም ያስፈራል። ግን ለአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ስንት ግራም ቅንጣት ተፋ ብለን ስንለካ ብዙ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፣ ትልቅ ሞተር ነዳጁን የሚረጭበትና የሚያቃጥልበት ሥርዓት የተሻለ ነው። የአሜሪካኖቹን ሕግ ብታዩ የመጨረሻው ደረጃ ላይ ከ900 ኪሎ ዋት በላይ የሆነ ጄኔሬተር በኪሎ ዋት ሰዓት ከ0.03 ግራም እንዳይበልጥ ይላል፣ ከ8 እስከ 19 ኪሎ ዋት ላለችው ትንሿ የናፍጣ ሞተር ግን እስከ 0.40 ግራም ይፈቅዳል፣ ከአስር እጥፍ በላይ ማለት ነው። ትንሿ ላይ ማጣሪያ መግጠም ከዋጋዋ ጋር ስለማይመጣጠን ነው።

ይሄ ማለት ግን ትልቁ ነፃ ነው ማለት አደለም፣ ኪሎ ዋቱ ብዙ ስለሆነ ድምሩ ትልቅ ነው። ሂሳቡን እንሥራው። 1,000 ኬቪኤ የሚባል ጄኔሬተር ወደ 800 ኪሎ ዋት ይሰጣል። ከማጣሪያው ዘመን በፊት ለዚህ መጠን ላላቸው ሞተሮች የነበረው የአሜሪካ ጣሪያ 0.20 ግራም ነው፣ ስለዚህ ልክ ጣሪያው ላይ ያለ ሞተር በሙሉ ሎድ በሰዓት 160 ግራም ገደማ ይተፋል። ትንሽ ትመስላለች፣ የአንድ ስኒ ስኳር ናት ብሎ የሚስቅ ይኖራል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ባወጣው መመሪያ ግን የቀን አማካይ ፒኤም 2.5 በሜትር ኪዩብ አየር ከ15 ማይክሮ ግራም ባይበልጥ ይላል፣ ማይክሮ ግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። 160 ግራሙን በ15 ብታካፍሉት ያቺ የአንድ ሰዓት ጭስ ከ10 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ በላይ ንጹህ አየር እዚህ ልክ ላይ ለማድረስ ትበቃለች። ንፋስ ስለሚበትነው ነው ሁላችንም የማናንቀው። እና ዋናው ጥያቄ የት ነው የሚወጣው፣ ማን አጠገብ ነው የሚለው ነው። ከከተማ ወጣ ብሎ ረጅም ጭስ ማውጫ ያለው ጣቢያና እግረኛ መንገድ ላይ በሰው ወገብ ከፍታ የሚተፋ የሱቅ ጄኔሬተር እኩል ግራም ቢያወጡ እንኳ እኩል አይተነፈሱም። እንደኔ እንደኔ ለከዚራና ለመጋላ ሰው የሚያሳስበው ሁለተኛው ነው።

ትልቅ ጄኔሬተር ገዝቶ በትንሽ ሎድ ማሠራት ምን ችግር አለው?

ይሄን ረዘም አድርጌ ልበል፣ ምክንያቱም በጣም የተለመደና በጣም ያልተወራለት እሱ ነው። ሰው ጄኔሬተር ሲገዛ ለማንኛውም ትልቅ ይሁን ይላል፣ ነገ ግንባታ እንጨምራለን፣ ኤሲ እንገጥማለን ምናምን። ይገዛል 200 ኬቪኤ፣ ማለትም 160 ኪሎ ዋት። ማታ መብራት ሲሄድ ግን የሚሠራው አምፖሉ፣ ካሜራው፣ ሰርቨሩና ሁለት ፍሪጅ ነው፣ 15 ኪሎ ዋት አይሞላም። ከአቅሙ አስር በመቶ በታች ነው የሚሠራው ማለት ነው።

የናፍጣ ሞተር ደግሞ ሥራ መፍታት አይወድም። ሎድ ሲያንስ ውስጡ በቂ ሙቀት አይኖርም፣ ናፍጣው ሙሉ ለሙሉ አይነድም፣ የፒስተን ቀለበቶቹን ወደ ሲሊንደሩ ግድግዳ የሚገፋቸው ግፊት ስለሚያንስ ዘይት ወደ ላይ ያልፋል፣ ናፍጣም ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ያልተቃጠለው ናፍጣና ዘይት ከጥላሸቱ ጋር ተለውሶ ቫልቩ ላይ፣ ቱርቦው ላይ፣ ማርሚታው ውስጥ ይጋገራል። ከማርሚታው መገጣጠሚያ ጥቁር ቅባት ሲንጠባጠብ አይታችሁ ከሆነ እሱ ነው። ባለቤቱ ዘይት ያፈሳል ብሎ ጋስኬት ያስቀይራል፣ ችግሩ ግን ጋስኬቱ ጋ አደለም። በዚህ ሁኔታ የሚወጣው ቅንጣት በሰዓት ስትለኩት ከሙሉ ሎዱ ሊያንስ ይችላል፣ ለተመረተው ኤሌክትሪክ ስታካፍሉት ግን በጣም ይበዛል፣ ይዘቱም ወደ ቅባቱና ወደ ሽታው ያደላል። ጥቁር ስላልሆነ ደሞ ማንም አይናገርም። ከዛ አንድ ቀን ድንገት ሙሉ ሎድ ሲገባበት የተጠራቀመው በሙሉ እየተቃጠለ በአንድ ጊዜ ይወጣል፣ ያን ቀን ሰፈሩ ሁሉ ይጮሃል።

በሳምንት አንዴ ያለ ሎድ አስር ደቂቃ አስነስቶ ማጥፋትም እንደዚሁ ነው፣ ባትሪው መሥራቱን ታውቃላችሁ እንጂ ሞተሩን አትጠቅሙትም። ለመጠባበቂያ ጄኔሬተሮች የወጣው የአሜሪካ ደረጃ በወር አንዴ ለ30 ደቂቃ፣ ጄኔሬተሩ ላይ ከተለጠፈው አቅም ቢያንስ 30 በመቶ ጭኖ ይሞከር ይላል። ሎድ ከሌለ ሎድ ባንክ የሚባል ሰው ሠራሽ ሎድ የሚሰጥ መሣሪያ አለ፣ እሱ ባይኖር ደሞ ፓምፑንም ኤሲውንም ቦይለሩንም አብርቶ መሞከር ይቻላል። ሁለት መጠነኛ ጄኔሬተር ገዝቶ ማታ አንዱን ብቻ ማሠራት ከአንድ ግዙፍ ይሻላል። ለማታው ትንሽ ሎድ ባትሪና ኢንቨርተር ከቻላችሁማ ጭራሽ ግልግል ነው፣ ፀሐይ እንደሆነ ድሬ ላይ ችግር አይሆንም።

የድሬ ሙቀትና የሐረር ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

ያመጣል። ከድሬ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎን ዳገት የወጣ ሰው የጫነ አይሱዙ እንዴት እንደሚያጨስ አይቷል። ዳገቱ አለ፣ ጭነቱ አለ፣ ሦስተኛው ነገር ግን አየሩ እየሳሳ መሄዱ ነው። ሐረር ወደ 1,880 ሜትር ላይ ናት፣ ድሬ ወደ 1,200። ሞተር የሚስበው አየር በመጠን እኩል ቢሆንም ውስጡ ያለው ኦክስጅን ግን ከፍታ በጨመረ ቁጥር ያንሳል። ድሬ ዝቅ ያለች ስለሆነች ትድናለች እንዳትሉ ሙቀቱ አለ፣ አየር ሲሞቅም ይሳሳል። በ35 ዲግሪ ሙቀት የድሬ አየር ከባሕር ጠረፍ የ15 ዲግሪ አየር ወደ 19 በመቶ የሳሳ ነው፣ የሐረር በ20 ዲግሪ ወደ 22 በመቶ። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ ሁለቱ ከተሞች ለሞተር ያላቸው አየር ያን ያህል አይራራቅም።

ጄኔሬተሩ ላይ የተለጠፈው አቅም ብዙ ጊዜ ለዝቅተኛ ቦታና ለመጠነኛ ሙቀት የተጻፈ ነው። አምራቾቹ በዚህ ከፍታና በዚህ ሙቀት ይሄን ያህል ቀንሱ የሚል ሰንጠረዥ አላቸው፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር ብዙ ይቀንሳል፣ ቱርቦ ያለው ትንሽ። ሰንጠረዡን ሳያይ የተጻፈውን ሙሉ የሚጭን ሰው አየር ያጣ ሞተር ላይ ናፍጣ እያፈሰሰ ነው፣ ውጤቱ ጥቁር ጭስ ነው። በዛ ላይ የድሬ አቧራ አለ፣ የአየር ፊልትሮ መቀየሪያ ሰዓቱ ማኑዋሉ ላይ የተጻፈው ለንጹህ አካባቢ ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ግን ቶሎ ቶሎ መታየት አለበት። ከሁሉም ርካሹ መፍትሔ ይሄው ፊልትሮ ነው።

ሻጩ የሚያሳየው ቁጥር ይታመናል?

ቁጥሩ ውሸት አደለም፣ እንዴት እንደተለካ ካላወቃችሁ ግን ያሳስታል። ለጄኔሬተር ሞተሮች የሚሠራበት ዓለም አቀፍ የሙከራ ዘዴ ሞተሩን በአምስት ሎድ ያሠራዋል፣ በ100፣ በ75፣ በ50፣ በ25 እና በ10 በመቶ፣ ከዛ ለየአንዳንዱ ክብደት ሰጥቶ አማካዩን ያወጣል። ሙሉ ሎዱ የሚያገኘው ክብደት 5 በመቶ ብቻ ነው፣ የ10 በመቶ ሎዱ ደግሞ 10 በመቶ፣ የቀረው በመሀለኞቹ ነው። የናንተ ጄኔሬተር ዕድሜውን በሙሉ አስር በመቶ ላይ የሚኖር ከሆነ ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር የናንተ አደለም።

ሌላው የሙቀት ጉዳይ ነው፣ ይሄኛው ባለሙያዎችንም ያከራክራል። አንዱ መለኪያ ጭሱን ከነትኩሳቱ ወስዶ 120 ዲግሪ አካባቢ በሚሞቅ ማጣሪያ ያሳልፍና የቀረውን ይመዝናል። በዚህ ሙቀት ብዙው ቅባት ገና ትነት ስለሆነ ማጣሪያውን አልፎ ይሄዳል፣ አይቆጠርም። ሌላው መለኪያ ጭሱን መጀመሪያ በንጹህ አየር ያቀጥንና ከ52 ዲግሪ እንዳይበልጥ አቀዝቅዞ ነው የሚመዝነው፣ ከማርሚታ ወጥቶ መንገድ ላይ የሚሆነውን ለማስመሰል ማለት ነው፣ ቅባቱ እዚህ ይያዛል። አንድ ሞተር በሁለቱ ሲለካ ሁለት ቁጥር ይወጣዋል። ሦስተኛ ቀላል ዘዴም አለ፣ ጭሱን በነጭ ወረቀት አሳልፎ የወረቀቱን ጥቁረት በብርሃን ማንበብ፣ ለጥገና ጥሩ ነው፣ ግን ጥቁሩን ብቻ ነው የሚያየው፣ ቀለም የሌለውን አሲድና ቅባት አይቆጥርም። ስለዚህ ሁለት ጄኔሬተር ስታወዳድሩ ቁጥሩ በየትኛው ዘዴ ነው ብላችሁ ጠይቁ፣ በተለያየ ዘዴ የተለካ ከሆነ ማወዳደሩ ዋጋ የለውም።

ለጤናስ ምን ያህል ያሰጋል?

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ጥናት ክፍል እ.ኤ.አ. ሰኔ 2012 ላይ የናፍጣ ሞተር ጭስን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ምድብ አስገብቶታል፣ ከ1988 ጀምሮ ሳያመጣ አይቀርም በሚለው ምድብ ነበር። መረጃው የመጣው በአብዛኛው ለዓመታት ጭሱ ውስጥ ከሠሩ እንደ ማዕድን ቆፋሪዎች ካሉ ሠራተኞች ነው፣ አንዴ በአጠገቡ ስላለፋችሁ አትደንግጡ። ከካንሰሩ ይልቅ ብዙ ሰው ላይ የሚደርሰው የልብና የስትሮክ፣ እንዲሁም የአስም ጉዳይ ነው። ጄኔሬተሩ አጠገብ ቀኑን ሙሉ የሚቀመጠው ጥበቃ፣ አጠገቡ ጫት ወይ ሳምቡሳ የምትሸጠው እናት፣ እነሱ ናቸው ቀድመው የሚታሰቡት።

ከቅንጣት ጋር የማይገናኝ ግን ሳልናገር የማላልፈው አንድ ነገር፣ ጄኔሬተርን በተለይ ትንሿን የቤንዚኗን ቤት ውስጥ ወይ በር አፍ ላይ አታስነሱ። እሷ የምታወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፣ በዓመታት አደለም በአንድ ሌሊት ነው የሚገድለው።

ማጣሪያ ለምን አይገጠምለትም?

ይገጠማል። የሴራሚክ ማጣሪያ አለ፣ ቀዳዳዎቹ አንዱ ከፊት አንዱ ከኋላ ስለተደፈኑ ጭሱ በግድግዳው ውስጥ ሰርጎ ነው የሚያልፈው፣ ከጥቁሩ ጥላሸት 90 በመቶና ከዛ በላይ ይይዛል። ችግሩ የያዘውን ማቃጠል አለበት፣ አለበለዚያ ይደፈናል። ጥላሸት ብቻውን እንዲነድ ወደ 600 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ካታሊስት፣ ማለትም ቃጠሎውን የሚያቀል ነገር፣ ሲጨመርበት ከ300 ዲግሪ አካባቢ ጀምሮም ይነዳል፣ አስር በመቶ ላይ ተኝቶ የሚሠራ ሞተር ጭስ ግን እዛም ላይደርስ ይችላል። ድኝ የበዛበት ናፍጣም ካታሊስቱን ያበላሸዋል። አመዱ ደሞ ስለማይቃጠል በጊዜ ብዛት ማጣሪያው ወጥቶ መታጠብ አለበት። ማለት የምፈልገው ማጣሪያ ነዳጁን ሎዱንና ጥገናውን ሳያስተካክሉ የሚገዛ ዕቃ አደለም። ካታሊስት ብቻውን ገጥመው ማጣሪያ ነው የሚሉም አሉ፣ እሱ ሽታውንና ቅባቱን ይቀንሳል፣ ጥላሸቱን ግን ብዙም አይነካውም።

አሜሪካም ብትሆን ለድንገተኛ ጊዜ ብቻ የሚነሱ ጄኔሬተሮችን ከዚህ ጥብቅ ደረጃ ነፃ አድርጋቸዋለች፣ በዓመት ለሙከራና ለጥገና እስከ 100 ሰዓት ብቻ ስለሚነሱ ይመስላል። መብራት በየጊዜው የሚሄድበት ቦታ ላይ ያለ ጄኔሬተር ግን መቶ ሰዓቷን ቶሎ ነው የሚጨርሳት፣ ስለዚህ እዛ ነፃ ሆኖ የተሸጠ ሞተር እዚህ መጥቶ የዘወትር ሠራተኛ ሲሆን ሂሳቡ ይለያል። በኛም አገር የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ባሉበት ቆመው ለሚሠሩ የጭስ ምንጮች ደረጃ እንዲወጣ ያዛል።

ጭስ ማውጫው የት ይዙር?

ማጣሪያ መግዛት ለማይችል ይሄ ብዙ ይቀንስለታል። ወደ ጎን ተቆርጦ እግረኛ መንገድ ላይ የሚተፋ ቱቦ ከሁሉም የከፋው ነው። ወደ ላይ ቀጥ ብሎ ከራሱ ቤትና ከጎረቤት ጣሪያ በላይ ቢወጣ ትኩሱ ጭስ በራሱ ግፊት ይነሳና ሰው ጋ ሳይደርስ ይቀጥናል። ለዝናብ ተብሎ ጫፉ ላይ የሚበየደው ቋሚ ኮፍያ ጭሱን መልሶ ወደ ታች ይገፋዋል፣ በጭሱ ግፊት የሚከፈት ሞተሩ ሲጠፋ የሚዘጋ ክዳን ይሻላል። ከሰው መስኮት፣ ከኤሲና ከኤር ኩለር መሳቢያ መራቅ አለበት። ማታና ማለዳ ንፋሱ ሲረጋ ጭሱ ቶሎ አይበተንም፣ ስለዚህ የግድ ያልሆነ ሙከራ ከሰዓት በኋላ ንፋስ ሲኖር ቢደረግ ይመረጣል።

ቱቦውን ዝም ብሎ ማስረዘም ግን አይቻልም። በረዘመና በተጣመመ ቁጥር ጭሱ ለመውጣት ስለሚቸገር ሞተሩ ታፍኖ ጭራሽ የባሰ ያጨሳል፣ አምራቹ ማኑዋሉ ላይ እስከዚህ ድረስ የሚል የግፊት ልክ አስቀምጧል፣ ርዝመት ከተጨመረ የቱቦው ስፋትም መጨመር አለበት። በያጁ ሥራ ከመጀመሩ በፊት ይሄን ቁጥር አሳዩት።